ለሁለት ሳምንት ብዬ

ሐዋሳ የመጣሁት ለሁለት ሳምንት ነበር። ዛሬ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ።

እማዬን ስትሮክ የመታት ቡና እየቆላች ነው። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሏት። አንደበቷም አብሮ ተያዘ። ሐኪሙ የተጎዳው የአንጎሏ ግራ ክፍል ነው አለኝ። የቀኝ ጎናችንን የሚያዘው እሱ ነው፤ በአብዛኞቻችን ዘንድ ንግግርም ከዚያው ነው። የምንላትን ትሰማለች፣ ይገባታል። መልሱ ግን አይወጣላትም። እህቴ ቤሩት ናት። ገንዘብ ትልካለች፣ መምጣት አትችልም። የቀረሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ሳስባቸው አሁንም ይቆጨኛል። አዲስ አበባ የተከራየሁትን ክፍል ሳልለቅ በየወሩ እከፍል ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ “ትልቁ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ ከዚያ ዝግ ይላል” ብላኝ ስለነበር ወራቱን ቆጥሬ ያዝኳቸው። ጀርባዋ እንዳይቆስል ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እየተነሳሁ አገላብጣታለሁ። እጄ እሷ ላይ ነው፣ ልቤ ግን 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ። እሷም ሳታውቅብኝ አልቀረችም። እናት አይደለች?

ስድስተኛው ወር አለፈ። በዱላ እስከ በረንዳ መድረስ ጀመረች፤ እጇና ንግግሯ ግን እንዳሉ ናቸው። ጓደኛዬ ዕቃዬን አውጥቶ ቤቱን አስረከበልኝ። የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ አሞራ ገደል ሄጄ ተቀመጥኩ። አሳ ሻጮቹ ሄደዋል። ሐይቁ ዳር የቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ብቻ ነበሩ። አለቀስኩ። “ተመስገን በል” የሚሉኝ ሰዎች ክፋት የለባቸውም፤ እኔ ግን ተመስገን ማለት የቻልኩት ካለቀስኩ በኋላ ነው።

መጻፍ የፈለግኩት ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው።

አንድ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በ19፣ ከቅዱስ ገብርኤል የድምፅ ማጉያው እቤታችን ድረስ ይሰማል። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ሕዝቡ “አባታችን ሆይ” ሲል እሷም አለች። ሁሉንም፣ እስከ አሜን ድረስ። “ውሃ” ማለት ያቃታት እናቴ!

ለባለሙያዋ ደወልኩላት። አልደነቃትም። ዕድሜ ልክ በቃል ሲደጋገም የኖረ ነገር፣ ጸሎትም ዜማም ቁጥርም፣ ቃል ፈልጎ እንደመናገር ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ይተርፋል አለችኝ። ምናልባት እማዬ ከዚያ በፊትም ትለው ይሆናል። ስድስት ወር ሙሉ አብሬያት አንድ ቀን አልጸለይኩም፤ በምን ልሰማ?

አሁን ጠዋት ጠዋት እጇን ሳሠራት አብረን እንቆጥራለን። “አንድ፣ ሁለት” ስል ተቀብላኝ እስከ አሥር ትወስደዋለች። ዛሬ ምን ቀን ነው ስላት ከሰኞ ትጀምራለች። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ... ዛሬ ላይ ስትደርስ በደህናው እጇ እጄን ጫን ታደርገዋለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ብዙ ነገር እናወራለን። ማን እንደመጣ፣ ስንት እንጀራ እንደቀረ፣ የእህቴ ልደት በየትኛው ወር እንደሆነ። ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ጊዜ ደግሞ አለን።

የሁለት ሱቆችን ሒሳብ እቤት ሆኜ እሠራለሁ። ከድሮው ደሞዜ ብዙ ያንሳል፣ ግን ያኖረናል። ፀጉሯን ሹሩባ መሥራትም ከጎረቤታችን ተምሬያለሁ። መጀመሪያ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የእናቴን ራስ እንዲህ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር።

አዲስ አበባን አልተውኩትም። ሥራዬ ይናፍቀኛል፣ አንዳንድ ማታ በጣም። እሷ ስታየኝ ዝም ብላ እጇን ትዘረጋልኛለች።

ነገ የፀጉር ቀናችን ነው። ማለዳ ምን ቀን ነው እላታለሁ። ከሰኞ ትጀምራለች፣ እኔም ቅዳሜ ላይ እስክትደርስ እጄን ሰጥቼ እጠብቃታለሁ።