ጸጥ ያለ ክፍል አትፈልጉ፦ ከቤት ሆኖ የኦንላይን ቴራፒ መከታተል

ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በኢንተርኔት ለመነጋገር ቀጠሮ ስትይዙ የሚላከው ማረጋገጫ መልእክት ሁሌም አንድ ነው፦ «እባክዎ ጸጥ ያለ ክፍል ያዘጋጁ።» ይህ ምክር አዲስ አበባ ውስጥ በኮምፔንሳቶ በተከፈለ ቤት ለሚኖር ሰው አይሠራም፤ እንዲያውም ይጎዳዋል። ቤቱ ጸጥ ባለ ቁጥር ጎልቶ የሚሰማው የእናንተ ድምፅ ነው። እናት ከጓዳ፣ ወንድም ከሳሎን፣ አከራይ ከበረንዳ ሊሰሙት እንደሚችሉ ያወቀ ሰው ሳይታወቀው ቃል ይመርጣል። ባለሙያው የሚያክመውም ያንን ተመርጦ የወጣውን ነው፤ ዋናው ጉዳይ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ከሁሉም በላይ ገንዘብና ጊዜ የበላብኝ ይህ ነው። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ባለመኖሩ ዛሬም እናደዳለሁ።

ሌላው ዝግጅት ቀላል ስለሆነ በአጭሩ ላንሳው። ቪዲዮ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋባይት ይበላል፤ ድምፅ ብቻ ከሆነ 100 ሜጋባይት ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ ስልኩ ላይ ፓኬጅ ይኑር። ነፃ የዙም አካውንት በ40 ደቂቃ ይዘጋል፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 50 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ባለሙያው በምን እንደሚደውል ጠይቁ፤ የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ዋናው ነገር የሚወጣባቸው ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ሆናችሁ አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ የምታናግሩ ከሆነ «በ3 ሰዓት» ብቻ ተባብላችሁ አትለያዩ፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉት። የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ 7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ 8 ሰዓት ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ባለሙያ ከያዛችሁ ደግሞ ፈቃዱ የሚታየው እሱ ባለበት ሳይሆን እናንተ በተቀመጣችሁበት ስቴት መሆኑን አትርሱ።

ወደ ድምፁ ልመለስ። መጀመሪያ ቤቱን ፈትሹ። የራሳችሁን ንግግር ስልክ ላይ ቅዱና በምትቀመጡበት ቦታ በተለመደው የወሬ መጠን ክፈቱት፤ ከዚያ በሩን ዘግታችሁ ውጭ ቁሙ። ድምፅ መሰማቱ ችግር የለውም። ቃሉ ከተለየ ግን ገና ሥራ አለ።

ድምፅ በብዛት የሚያመልጠው በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ነው። ወፍራም ፎጣ ጠቅልላችሁ ወትፉት፤ ቁልፉን ከቀዳዳው አታውጡ፤ በሩ ላይ ከውስጥ በኩል ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ስቀሉ። የምትቀመጡትም ፊታችሁን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ አልጋው ወይም ልብስ ወደተሰቀለበት አዙራችሁ ይሁን። ኮርኒሱ አቡጄዲ ከሆነና ክፍልፋዩ ጣሪያ ድረስ ካልዘለቀ ግን ድምፁ በላይ በኩል ዞሮ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ቤት ፎጣውም ጋቢውም ብቻውን አያድንም።

ያኔ የሚያድነው ጫጫታ ነው። ሬዲዮ ወይም ቬንትሌተር ከበሩ ውጭ፣ ሰው በሚቀመጥበት በኩል ይሁን። ክፍሉ ውስጥ ካደረጋችሁት ማይኩ ውስጥ ይገባል፤ አፕሊኬሽኑም ጫጫታውን አጠፋለሁ ሲል የእናንተንም ንግግር ይቆራርጠዋል። ከዘፈን ወሬ የበዛበት ፕሮግራም ይሻላል፤ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለው ጸጥታ ውስጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያመልጣል።

ማዳመጫው ባለገመድና ማይክ ያለው ይሁን። ማይኩ ከአፍ አንድ ጋት ያህል ሲቀርብ በሹክሹክታና በተለመደው ድምፅ መካከል ማውራት ይቻላል። ብሉቱዝን አልመክርም፤ መሀል ላይ ባትሪ ይጨርሳል፤ አንዳንዴም ስልኩ ሳሎን ካለው ስፒከር ጋር ራሱ ይገናኝና የባለሙያውን ጥያቄ ለቤተሰቡ ያሰማል። ያለማዳመጫ ማውራት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ።

ለቤት ሰው «ስብሰባ አለኝ» አትበሉ። ስብሰባ ላይ ያለ ሰው በር ይንኳኳል፤ ቡና ደረሰ ተብሎም ይጠራል። «ከሐኪም ጋር ቀጠሮ አለኝ» ሲባል ግን ማንም አይገባም፤ ውሸትም አይደለም። ሰው ድንገት ከገባ የምትሉትን አንድ ቃል ከባለሙያው ጋር ተስማሙ፤ «የባንኩን ነገር» ስትሉ እሱ ወሬ ይቀይራል። የስልኩን የማሳወቂያ ጽሑፍም ከተቆለፈው ስክሪን ላይ አጥፉ። በር ዘግታችሁ የጠበቃችሁትን ምስጢር የክሊኒኩ ማስታወሻ ሜሴጅ ጠረጴዛ ላይ ያወጣዋል።

ካሜራ ሁልጊዜ ይከፈት የሚለውንም መመሪያ አልቀበልም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜያት ይከፈት፤ ባለሙያው ፊታችሁንና አተነፋፈሳችሁን ማወቅ አለበት። ከዚያ ወዲያ ግን ኔትወርኩ ከተቆራረጠ ሁለታችሁም ዝጉት። በተንቀራፈፈ ቪዲዮ ውስጥ የባለሙያው ዝምታ ማዳመጥ ይሁን መቆራረጥ አይለይም፤ ሰውም በየደቂቃው «ይሰማል?» እያለ ካለቀሰበት ነገር ይወጣል። ካሜራው ክፍት ሲሆንም ለራሳችሁ ስክሪን ላይ የሚታያችሁን የራሳችሁን ምስል ደብቁ።

መስመሩ ሲቋረጥ ማን እንደሚደውል በመጀመሪያው ቀን ይወሰን። የእኔ ምርጫ ባለሙያው ሁለት ደቂቃ ጠብቆ በመደበኛ ስልክ እንዲደውል ነው፤ ሁለቱም ወገን በአንዴ ሲደውል ሁለቱም «ተይዟል» ይሰማል። ሂሳቡንም ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። በተቋረጠ ሰዓት ሙሉ ክፍያ ተቀብለው «የኔትወርክ ችግር እኛን አይመለከትም» የሚሉ ቢሮዎች አሉ። ይህን ከከፈሉ በኋላ መስማት በጣም ያናድዳል፤ ታካሚን እንዲህ ማስተናገድም ነውር ነው።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ በሩን ወዲያው አትክፈቱ። ለሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ ብላችሁ፣ ባለሙያው ካለው ሳይሆን እናንተ ካላችሁት ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። ዓይናችሁን ታጠቡና ውጡ።

ሁልጊዜ ባለሙያው ያላችሁበትን ትክክለኛ ቦታና የአንድ የምታምኑትን ሰው ስልክ ይያዝ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጣዩን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የሚያስፈራችሁ ሰው አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ ደግሞ ፎጣውም ሬዲዮውም ይቅር። ከዚያ ቤት ሆናችሁ አትደውሉ፤ በአካል ሂዱ ወይም ከሌላ ሰው ቤት ሆናችሁ ተነጋገሩ።