ከማይክሮስኮፑ ሳልርቅ ዲግሪዬን የጨረስኩበት መንገድ

ሰሞኑን በሜዲካል ላብራቶሪ ደረጃ 4 የጨረሱ የሰፈር ልጆች «ዲግሪውን እየሠራሽ እንዴት ቻልሽው?» እያሉ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ ዲግሪ ማለት ያው የዲፕሎማው ትምህርት ረዘም ብሎ፣ ክፍያውም ጨምሮ ይመስላቸዋል። አይደለም።

ዲፕሎማዬን የተማርኩት እዚሁ አዳማ ነው። ያኔ ዋናው ነገር እጅ ማፍታታት ነበር። ደም መቅዳት፣ ሰገራና ሽንት ማየት፣ ስላይድ (ናሙና የሚቀባበትን ትንሽ መስታወት) ማዘጋጀት፣ ማቅለም። አዳማ ለዚህ ትመቻለች። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ወባው ይነሳል፣ ላብራቶሪ በር ላይ ያለው ወረፋም ይረዝማል። ስላይድ ቸገረኝ የሚል ተማሪ አይኖርም።

ለልምምድ በተመደብኩበት ላብራቶሪ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ቲክ ፊልም፣ ማለትም ወፍራሙን የደም ጠብታ፣ ስሠራ አዩኝና ቁራጭ ጋዜጣ አቀበሉኝ። «ስላይዱን እዚህ ላይ አስቀምጪውና አንብቢ» አሉኝ። ደሙ እርጥብ እንዳለ ከሥሩ ያለው ፊደል እንደምንም ከተነበበ ውፍረቱ ልክ ነው። ጭራሽ ካልታየ በዝቷል፤ ሲታጠብ ተልጦ ይሄዳል። ቁልጭ ብሎ ከታየ ደግሞ ሳስቷል። ከዚያ የአዳማ ነፋስ አለ። መስኮት ከፍተሽ ካደረቅሽ አቧራው ይለጠፍበታል፤ አቧራና የቀለም ዝቃጭ ደግሞ ላልለመደ ዓይን ወባ ይመስላል። ዝንቡም እርጥብ ደም ካገኘ ልሶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ካርቶን ደፍተን ነበር የምናደርቀው። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተና ላይ እጄ ያልተንቀጠቀጠው ጋሼ ባሉበት ላብራቶሪ ስለተገረፍኩ ነው።

ከዚያ አንድ የግል ክሊኒክ ተቀጠርኩ፤ ዲግሪውን በኤክስቴንሽን፣ ቅዳሜና እሁድ ጀመርኩ። ትምህርቱ ወዲያው መልኩን ቀየረ። ባዮኬሚስትሪ፣ ኢሚዩኖሎጂ፣ ሞለኪውላር ባዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ። እጅሽን የሚያይ የለም። ጥያቄው ሁሉ «ለምን?» ሆነ። ሃንዳውቱን መሸምደድ ሞከርኩ፣ ሰኞ ሥራ ስገባ ግማሹ ጠፍቶ ይቆየኛል።

ያዳነኝ ጋውን ኪሴ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ደብተር ናት። ሥራ ላይ ግራ ያጋባኝን ሁሉ እጽፍባታለሁ፤ ቅዳሜ ክፍል ይዣት እገባለሁ። አንዱን ልንገራችሁ። አንድ ቀን የአንድ ሰው ፖታሲየም 8 ሆኖ ወጣ። ጤነኛ ሰው ላይ ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ ነው። 8 ማለት ልብ ሊያቆም የሚችል ቁጥር ነው። ካልሲየሙ ደግሞ ወለል ነክቷል። ሰውዬው ግን መስኮቱ ጋ ቆሞ «አልደረሰም እንዴ? ሥራ አለብኝ» ይላል። ውጤቱን ሳንሰጠው እንደገና ተቀዳ፤ ሁሉም ደህና።

ነገሩ ቱቦው ላይ ነበር። ባለ ወይን ጠጅ ክዳኑ ቱቦ ውስጥ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል አለ፤ እሱም የሚገባው በፖታሲየም ጨው መልክ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ካልሲየሙን ቀፍድዶ በመያዝ ነው። ለፖታሲየምና ለካልሲየም ምርመራ የሚቀዳው ቀዩ ቱቦ ሲጎድል ከወይን ጠጁ የገለበጠበት ሰው ካለ፣ ፖታሲየሙ ይሰቀላል፣ ካልሲየሙ ይወርዳል። አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይምም አብሮ ይወርዳል፤ ኢዲቲኤው የሚይዝበትን ዚንክና ማግኒዚየም ካላገኘ አይሠራማ። «ቀዩን አስቀድሚ፣ ወይን ጠጁን አስከትዪ» የሚለውን ዲፕሎማ ላይ እንደ ጸሎት ደግሜዋለሁ። ምክንያቱ የገባኝ ግን ባዮኬሚስትሪ ክፍል ያንን ገጽ ገልጬ ስጠይቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን ምዕራፍ ማጥናት አላስፈለገኝም።

የወባው ፈጣን ምርመራም እንዲሁ ነበር። ኪቱ ኔጌቲቭ ይላል፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ፓራሳይት ቁጭ ብሏል። ያኔ ኪቱ የሚፈልገው ኤችአርፒ 2 የሚባል የፓራሳይቱን ፕሮቲን ነበር። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው ፓራሳይቶች አሉ፤ አገራችንም ውስጥ ተገኝተዋል። ሞለኪውላር ባዮሎጂ የሩቅ አገር ወሬ መምሰሉ ለእኔ እዚያ ላይ አበቃ።

ሁሉም ኮርስ ግን እንዲህ ደብተር ላይ አይገኝም። ለኢሚዩኖሎጂ የረዳን ማታ ማታ ተሰብስበን መከራከር ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ ክርክሩ ግማሽ አማርኛ ግማሽ ኦሮምኛ። አንዱ ተነስቶ ያስረዳል፣ ሌላው ያፋጥጠዋል። እውነቱን ለመናገር የኮምፕሊመንት ሲስተሙን (በሽታ የሚከላከሉትን የደም ፕሮቲኖች ሰንሰለት) እስከዛሬ አልወደድኩትም። ስታቲስቲክስን ደግሞ ለብቻዬ፣ የክሊኒኩን የጥራት ቁጥጥር ቻርት እያየሁ ነው የተወጣሁት። አማካዩና ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ እዚያው በየቀኑ ተስሎ ሳለ ሌላ ምሳሌ ምን ያደርግልኛል?

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አደራ። ኮሌጁ ለዚያ ፕሮግራም፣ ለዚያው ካምፓስ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። በር ላይ የተለጠፈ ባነር ማስረጃ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ከመቶ 50 ማምጣት ግድ ነው። ለእሱ ብላችሁ የመጨረሻውን ዓመት አትጠብቁ። የሁለተኛ ዓመት ኖታችሁን አትጣሉ፣ በጣም የሚረሳው እሱ ነው።

የመመረቂያ ጥናቱን በተመለከተ፣ የቆየ ርዕስ አቧራውን አራግፎ የሚያቀርብ ብዙ ነው። እኔ ከደብተሬ ነው ያወጣሁት፦ ቱቦ ሳይሞላ ወይም ደሙ ረግቶ ተመላሽ የሚሆን ናሙና። ርዕሱ ቀላል ነበር። ያንገላታኝ ደብዳቤው ነው። መረጃ ለመሰብሰብ የሥነ ምግባር ፈቃድና የተቋሙ ይሁንታ ያስፈልጋል፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው፣ ፈራሚው መስክ ወጥቷል፣ ማህተም ያዡ ዛሬ የለም። ርዕሳችሁ በጸደቀ ማግስት ደብዳቤውን ጀምሩ፤ ኮፒውንም ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሩ፣ መዝገብ ቤት ደጋግሞ ይጠይቃችኋል።