መሸኛው ያለፈበት ወጣት

በጅማ ስለ ወጣቶች ሥራ አጥነት በተነሣ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ላይ ነው። የእነርሱ ችግር እውነተኛ መሆኑን አልክድም፤ ይሁን እንጂ በመናኸሪያው ዙሪያና በመርካቶ ጫማ የሚጠርጉትን፣ ኩንታል የሚሸከሙትን፣ ሶፍትና ማስቲካ የሚያዞሩትን ልጆች ማንም ከከተማዋ ወጣቶች አይቆጥራቸውም። ብዙዎቹ ከዳውሮ፣ ከየም፣ ከኮንታና ከከፋ ገጠሮች የመጡ፣ የወላጆቻቸው መሬት ለወንድማማቾች ተከፋፍሎ የማይበቃ፣ አማርኛንም ሆነ አፋን ኦሮሞን ከደንበኛ አፍ የለመዱ ናቸው።

ሰነፎች ናቸው የሚላቸውን ሰው አልሰማም። ከጥቅምት እስከ ጥር የቡናው ጭነት ጀርባቸው ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ የግንባታው ሥራ ይቀዘቅዛል፣ በአንጻሩ የጅማ ጭቃ ለሊስትሮ ሲሳይ ይሆናል። የጎደላቸው ጉልበት ሳይሆን ወረቀት ነው።

በሰፈራችን ጫማ የሚጠርግ ከየም የመጣ ልጅ አለ። አንድ ቀን ከብሩሾቹ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ፤ ጊዜው አልፎበታል አሉኝ» አለኝ። ከትውልድ ቀበሌው የተጻፈለት፣ ማኅተሙና ፊርማው የተሟላ መሸኛ ነበር። መታወቂያ ለማውጣት ይዞት እዚህ ወዳለው ቀበሌ በሄደ ጊዜ የቤት ባለቤት ፊርማ አምጣ ተብሎ ተመልሷል፤ ፈራሚ ሲፈልግ የወረቀቱ ቀን ቆየበት። በአንዲት ጠባብ ክፍል ተደርድረው በአዳር ሒሳብ ለሚተኙ ልጆች ግን ማን ይፈርማል? አከራዩ ስሙን ካሰፈረ የኪራይ ግብር ይከተለኛል ብሎ ይሰጋል፤ ስጋቱም ከመሬት የተነሣ አይደለም።

መታወቂያ የሌለው ልጅ ሥራ ፈላጊ ተብሎ አይመዘገብም፣ በማኅበር አይደራጅም፣ የመሥሪያ ቦታ አይጠይቅም፤ ሰፈር ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርሱ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ስለሆነ በእርሱ ዕድሜ ያሉ የገጠር ልጆች የልደት የምስክር ወረቀት የላቸውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳም ቢሆን ማንነትን እንጂ የቀበሌ ነዋሪነትን አያረጋግጥም። የሚገርመው ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 በመረጡት ቦታ የመኖርን፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ሠርቶ የማደርን መብት ማስፈሩ ነው። መብቱን በአንድ አከራይ በጎ ፈቃድ ላይ ማንጠልጠል በእኔ እይታ ሕጉን በተግባር መሻር ነው።

አዲስ መሸኛ የሚመጣው ለመስቀል አገር ቤት ሲገባ እንደሆነ ነግሮኛል፤ እስከዚያው ዕቁቡን ይጥላል። የእነዚህ ልጆች ዕቁብ ጸሐፊ አለው፣ ደብተር አለው፤ በደብተሩ ላይ የእያንዳንዱ ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ የሚያድርበት ቤትና በየቀኑ የጣለው ብር ተጽፏል። ዕጣ የደረሰው ሰው ብሩን ይዞ እንዳይሰወር ዋስ የሚሆኑትም እርስ በርሳቸው ናቸው። ቀበሌዎቻችን ከአከራይ ፊርማ ይልቅ ይህን ደብተርና ሦስት የዕቁብ ባልደረቦችን በምስክርነት ቢቀበሉ፣ ከማያውቁት ባለቤት ፊርማ የተሻለ ማስረጃ ያገኛሉ።