ከፍላየሩ ይልቅ ደብዳቤዬ ጎዳኝ

ይህን የምጽፈው ካሊፎርኒያ ውስጥ የሪል እስቴት ላይሰንስ ይዛችሁ ለምትሠሩ ነው። በተለይ ደንበኞቻችሁ እንደ እኔ ሐበሾች ከሆኑ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ስለ አንድ ማስታወቂያዬ በደብዳቤ ተጠይቄ መልስ ስጽፍ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢመክረኝ ኖሮ ጉዳዩ በ750 ዶላር ቅጣት ያልቅ ነበር። እኔ ግን ከዚያ በላይ ከፍያለሁ። ገንዘቡን ማለቴ አይደለም።

ሁሉም በአንድ ፍላየር ጀመረ። ፎቶዬና ስልኬ አለበት፤ «ቤት ለመግዛት አስበዋል? ይደውሉልኝ» ይላል፤ ሁሉም በአማርኛ ነው። ከላይ በትልቁ የራሴ ስም፣ ከጎኑ ደግሞ «ቲም» የሚል ቃል። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ ካሉት ሱቆች ጀምሬ በየጸጉር ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ የማስታወቂያ ሰሌዳ ለጠፍኩት። የላይሰንስ ቁጥሬ አልነበረበትም። የብሮከሬ፣ ማለትም በሥሩ የምሠራለት የቢሮው ኃላፊ፣ ስምም አልነበረበትም።

ሕጉን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ይሆናል። በፈረንጆቹ ከ2018 መጀመሪያ አንስቶ ደንበኛ መጀመሪያ እጁ የሚገባ ማንኛውም ማስታወቂያ፣ ቢዝነስ ካርድም ሆነ ፍላየር ወይም የኢንተርኔት ማስታወቂያ፣ ሦስት ነገር እንዲይዝ ያዛል። የኤጀንቱ ስም፣ 8 አኃዝ ያለው የላይሰንስ ቁጥርና የምንሠራለት ብሮከር ማንነት። ቁጥሩም ወረቀቱ ላይ ካለው ትንሹ ፊደል ማነስ የለበትም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ማን ያነብብኛል ብዬ ነው የተውኩት። ሕጉ ግን ስለ ቋንቋ የሚለው ነገር የለም። አንብቦ የጠቆመው ሰው ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

ስለ ስሙ ትንሽ ልበል፤ እኛን ሐበሾችን በጣም የሚነካ ነገር ነው። ኤጀንቶች በቲም ስም ለመሥራት ሲፈልጉ፣ ለስሙ የተለየ ፈቃድ ሳያወጡ ሊጠቀሙበት የሚችሉት በስሙ ውስጥ ቢያንስ የአንዳቸው የቤተሰብ ስም ካለበት ነው። ከእሱ ጋር «ቲም»፣ «ግሩፕ» ወይም «አሶሺየትስ» የሚል ቃል ይገባል። እንግዲህ የእኛ ሰው የሚያውቀኝ በራሴ ስም ነው። ላይሰንሴ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የሰፈረው ግን የአያቴ ስም ነው። ከአገር ስወጣ ወረቀቴ ላይ እንደዚያ ስለተጻፈ በዚያው ቀጠለ። በአያቴ ስም ቲም ብከፍት አንድም ሐበሻ እኔ መሆኔን አያውቅም። በራሴ ስም ስከፍት ደግሞ ሕግ ተላለፍኩ። ስንቶቻችሁ እንዲህ እየሠራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዛሬውኑ ካርዳችሁን አውጥታችሁ እዩት።

ላይሰንሱን ከሚሰጠው የካሊፎርኒያ መሥሪያ ቤት፣ ከአንድ መርማሪ ደብዳቤ መጣልኝ። አንድ ገጽ ናት። የፍላየሩ ኮፒ ተያይዟል። ጥያቄዎቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። ፍላየሩ ያንቺ ነው? የት የት ተሰራጨ? አሁን ምን አደረግሽ? መልስ የምሰጥበት ቀን ተጽፏል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ያን ማታ ያደረግሁትን ሳስበው ዛሬም ሆዴን ይቆርጠኛል።

ልጆቹን አስተኝቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ተናድጃለሁ። ሳምንቱን ሙሉ እሁድን ጨምሮ ስሮጥ ከርሜ፣ በአንዲት ወረቀት እንደ ወንጀለኛ ልጠየቅ? እያልኩ ነበር። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። መርማሪው ያልጠየቀኝን ሁሉ ዘረዘርኩለት። በዚህ ስም ሁለት ዓመት ሙሉ ስሠራ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም አልኩ። ስሙን ፌስቡክ ገጼ ላይም ካርዴ ላይም እንደምጠቀምበት፣ ሁሉም ሰው በዚያ እንደሚያውቀኝ ጻፍኩ። በራሴ እጅ የአንድ ፍላየርን ጉዳይ የሁለት ዓመት ጉዳይ አደረግሁት። ሌሎች ኤጀንቶችም እንደዚሁ ያደርጋሉ ብዬ የሁለት ሰዎችን ፍላየር ፎቶ ላያይዝ ትንሽ ነበር የቀረኝ። እሱን እንኳን እግዚአብሔር አተረፈኝ።

ከዚያ ደግሞ ያቺን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። «ብሮከሬ ፍላየሩን አይተውታል፤ ምንም አላሉኝም።»

ብሮከሬን ጋሼ ነው የምላቸው። ላይሰንስ ባወጣሁ ሰሞን አማርኛ ብቻ የሚናገሩ ደንበኞች ይዤ ስዞር ማንም ቢሮ አልፈለገኝም ነበር። የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን የግዢ ውል መስመር በመስመር ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። «አይተውታል» ያልኩትም እንዲህ ነበር። አንድ ቀን ከማተሚያ ቤት የመጣውን ክምር ይዤ ቢሮ ስገባ በስልክ እያወሩ ነበር። ከሩቅ አሳየኋቸው። ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ «ያምራል» አሉኝ። ያምራል ያሉት ፎቶዬን ነው። ያን ማታ ግን ለእኔ «አይተውታል» ማለት ያ ነበር።

ደብዳቤውን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ላክሁት። ለማንም አላሳየሁም። ፍላየሮቹ ገና ግድግዳ ላይ እንደተለጠፉ ነበሩ። አንዱን እንኳን ሳላነሳ ነው መልስ የሰጠሁት።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ብሮከር በሥሩ ያሉ ኤጀንቶች የሚያወጡትን ማስታወቂያ የመቆጣጠር ግዴታ አለበት። እኔ ይህን እንደ መከላከያ ነው ያየሁት፤ ኃላፊነቱ የእኔ ብቻ አይደለም ለማለት። መርማሪው ግን ሥራውን ነው የሠራው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለጋሼ የራሳቸው ደብዳቤ ደረሳቸው። ማስታወቂያ የሚገመግሙበትን አሠራር እንዲያሳዩ ተጠየቁ። ኤጀንትዎ ፍላየሩን አይተውታል ትላለች የሚልም ነበረበት።

ቢሮ ጠሩኝ። ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ያየሁት መቼ ነው?»

መልስ አጣሁ። «የዚያን ቀን ጋሼ... ስልክ ላይ እያሉ...» ብዬ ጀምሬ ተውኩት።

ትንሽ ዝም ብለው «ከመላክሽ በፊት ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከወራት በኋላ ሁለት ፖስታ በፊርማ ተቀበልን። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሳቸው። የእኔ ሲቴሽን፣ ማለትም የጥፋትና የቅጣት ማስታወቂያ፣ ፍላየሩንም የቲሙን ስምም ያካተተ ነበር፤ ቅጣቱ 750 ዶላር፣ ከማረም ትእዛዝ ጋር። የእሳቸው በቁጥጥር ጉድለት ነው። በዚህ ሥራ 22 ዓመት ሲቆዩ አንዲት ነጥብ ያልነበረባቸው ሰው ናቸው።

ሲቴሽን የደረሰው ሰው መብት አለው። በ30 ቀን ውስጥ መከራከሪያ ችሎት እንዲሰየምለት ሊጠይቅ ይችላል። እኔ የሚያከራክር ነገር አልነበረኝም፤ ወረቀቱ የእኔ ነው፣ ቁጥሩ የለበትም። ከፈልኩ። ጋሼ ግን ነበራቸው። ጠበቃም ተከራከሩ ብሏቸው ነበር። ይህን የሰማሁት ከእሳቸው አይደለም፤ ከቢሮው ጸሐፊ ነው። «ልከራከር ካልኩ ልጅቷ ዋሽታለች ማለት ሊኖርብኝ ነው» ብለው ቼኩን ጻፉ አለችኝ።

እከፍላለሁ ብዬ ለመንኳቸው። እንቢ አሉ። ሁለተኛም ብዬ ለመንኩ። ሁለተኛም እንቢ አሉ።

ስለ አሠራሩ ልንገራችሁና ልጨርስ። ይህ የሲቴሽን አሠራር ሥራ ላይ የዋለው በፈረንጆቹ ከ2014 አጋማሽ ጀምሮ ነው። ጥቃቅን ጥፋቶችን ላይሰንስ ወደ ማገድና መሰረዝ ክስ ሳይገቡ ለመጨረስ የተሠራ ነው፤ ቅጣቱም ከ2,500 ዶላር እንዳይበልጥ ሕጉ ይገድበዋል። መጠኑ ሲወሰን የጥፋቱ ክብደት፣ የሰውየው ቅንነትና ከዚህ በፊት የነበረው ታሪክ ይታያል። ቅንነት የሚለውን ልብ በሉ። ፍላየሮቹን አንስቼ፣ አዲሱን አሳትሜ፣ ኮፒውን ይዤ መልስ ብሰጥ ኖሮ ከሦስት ገጽ ክርክር የበለጠ ይናገርልኝ ነበር። መጀመሪያ አርሙ፣ ከዚያ ጻፉ።

ሲቴሽን እንደ ዲሲፕሊን እርምጃ አይመዘገብም ይባላል። እውነት ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል። ለተጠቀሰው ጥፋትም ሌላ አስተዳደራዊ ቅጣት አይጨመርበትም። «ስለዚህ ቀላል ነገር ነው» ከሚሏችሁ ጋር ግን አልስማማም። የሙያ ኢንሹራንሴን ሳድስ ቅጹ ምርመራ ተደርጎብሽ ያውቃል ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ብዬ ሞላሁ፣ ማብራሪያም አያያዝኩ። ሁለተኛ ጊዜ ብሳሳት ደግሞ የመጀመሪያው ይነሳብኛል።

30ውን ቀን ፖስታውን ከፈረማችሁበት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ። ዝም ካላችሁ ሲቴሽኑ ይጸናል። ካልከፈላችሁ ላይሰንሳችሁ አይታደስም። የሚከፈለው ገንዘብ የሚገባው ላይሰንስ ባላቸው ሰዎች ለተጭበረበሩ ደንበኞች ካሳ ወደሚከፈልበት ሒሳብ ነው። ይህን ሳውቅ የእኔ 750 ዶላር ትንሽ ቀለለኝ። የጋሼ ግን አልቀለለኝም።

ችሎት ስለ መጠየቅ፣ እውነታው ከተሳሳተ ብቻ ጠይቁ። ፍላየሩ የእናንተ ካልሆነ፣ ቀኑ ከተሳሳተ፣ ያኔ ተከራከሩ። እልህ ለመወጣት ግን አትሂዱ።

በየኮርሱ «ሙሉ ትብብር አድርጉ» ይሉናል። እኔ የምለው ከዚህ ይለያል። የተጠየቃችሁትን በሙሉ መልሱ፤ አትዋሹ፤ ወረቀት አትደብቁ። ግን ያልተጠየቃችሁትን አትዘርዝሩ። የሌላ ሰው ስም የሚገባበት ዓረፍተ ነገር ካለ ሰውየው ሳያየው አይውጣ። ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ጉዳይ ጠበቃ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም፤ ብዙዎች ግን ያስፈልጋል ይሏችኋል። የሚያስፈልገው ደብዳቤውን ጠዋት ላይ በሰከነ ልብ የሚያነብላችሁ ሰው ነው። የእኔ ደብዳቤ አራት መስመር ይበቃው ነበር። አዎ፣ የእኔ ነው። እነዚህ ቦታዎች ላይ ተለጥፎ ነበር። ሁሉንም አንስቻለሁ። አዲሱ ይኸውላችሁ።

ደንቡን ራሱን አሁን እደግፈዋለሁ። አገሩን ገና ያልለመደ ሰው በሕይወቱ ትልቁን ገንዘብ ሲያወጣ፣ ከፊቱ ያለው ኤጀንት ይሁን ዝም ብሎ ደላላ የሚለይበት ያ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አስገብቶ ላይሰንሱ የጸና መሆኑን ራሱ ማየት ይችላል። እኔ ያን ከገዛ ወገኔ ላይ ነው የነፈግሁት። አማርኛ ብቻ ከሚያነብ ሰው።

ፍላየሮቹን ለማንሳት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ፤ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አዲሱ ላይ የአያቴ ስም አለ፣ ቁጥሬ አለ፣ የጋሼ ቢሮ ስም አለ። ሰው «ይሄ ማነው?» ይለኛል፤ አያቴ ናቸው እላለሁ።

ዛሬም አብሬያቸው ነው የምሠራው። አዲስ ነገር ከማሳተሜ በፊት በኢሜይል እልክላቸዋለሁ፣ ከዚያ እደውላለሁ። ማዶ መነጽራቸውን ሲፈልጉ ይሰማኛል። «እሺ፣ ቁጥሩን አንብቢልኝ» ይሉኛል። ስምንቱንም አንድ በአንድ አነብላቸዋለሁ።