ሲፈላ ቀንስ

ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ከተማ በገባሁ በሦስተኛው ወር ወደቡ አካባቢ ያለ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን አጣቢ ሆንኩ። አንድ ጠዋት ሼፉ አንድ ሳጥን ዓሣ ፊቴ ዘረገፈና "እጠብ" አለኝ። ከፈረንሳይኛው የገባችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ሐዋሳ ነው ያደግኩት፤ ዓሣ አያስፈራኝም። ግን አንደኛው ቀይ ነው፣ አፉ ሰፊ፣ ጀርባው እሾህ በእሾህ። ይኼማ የሚጣል ነው ብዬ አፈፍ ሳደርገው፣ ኧረ በስመአብ! እጄ ተቃጠለ። ለካ እሾሁ መርዝ አለው። ሼፉ እየሳቀም እየተሳደበም እጄን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረልኝ። ዓሣው ራስካስ ይባላል። "ያለ እሱ ቡያቤስ የለም" አለኝ።

ቡያቤስ የዓሣ አጥማጆች ወጥ ነው። ደህና ደህናው ተሸጦ፣ አጥንት የበዛበትና ገዢ ያጣው ሲተርፍ እሱን ቀቅለው ይበሉ ነበር። ስሙ ማርሴይ ያለችበት የፕሮቫንስ አካባቢ ሰዎች ቋንቋ ነው፤ ሲፈላ ቀንስ እንደማለት። እሳቱን ነው ታዲያ።

ዛሬ ግን ወግ በዝቶበታል። በ1980 እ.ኤ.አ. አንዳንድ የከተማው ሬስቶራንቶች ቻርተር ጽፈውለታል። ከተዘረዘሩት ዓሦች ቢያንስ አራት ዓይነት ካልገባበት ቡያቤስ አይደለም። ዓሣው የሚበለተውም እንግዳው ፊት ነው። እኛ ቤት የአንድ ሰው ሂሳብ የቀን ደሞዜን ሊጨርስ ምንም አይቀረው።

ማታ ሥራ ስንጨርስ ሼፉ ከመረቁ ቀዳልኝ። ሳፍሮን፣ ቲማቲም፣ እንስላል፣ የብርቱካን ልጣጭ አለበት። ከሥሩ ግን የዓሣ ጭንቅላትና አጥንት ጣዕም አለ። የሐዋሳው አሞራ ገደል ትዝ አለኝ። ሐይቁ ዳር የሚሸጠው የዓሣ ሾርባ፣ ዙሪያውን የሆድ ዕቃ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች። ማንኪያዬን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ።

ከዳቦው ጋር ሩይ የሚባል ማባያ ይቀርባል፤ ዝገት ማለት ነው፣ ለቀለሙ። ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ አለው ቢባልም ለእኔ ምላስ የሕፃን ምግብ ነው። ሼፉ ዞር ሲልልኝ ከቦርሳዬ ሚጥሚጣ አውጥቼ ነሰነስኩበት።

በማግስቱ ለእህቴ ደውዬ ዋጋውን ነገርኳት።

"ለአንድ ሰው?"

"ለአንድ ሰው።"

ትንሽ ዝም አለች። "በዚህ ዋጋማ ጀልባውንም ይጨምሩ እንጂ!"