«ታዲያ አትሙዪው»

በአንድ ፖሊስ ጣቢያ የሕፃናት ጥበቃ ክፍል ውስጥ በማኅበራዊ ሠራተኛነት በቆየሁባቸው ዓመታት ካጋጠሙኝ ጉዳዮች መካከል፣ በሪፖርታችን «አልተሳካም» ተብሎ የተመዘገበው የአንድ የ13 ዓመት ልጅ ጉዳይ ዛሬም ያበሽቀኛል፤ አንዳንዴም ለብቻዬ ያስቀኛል።

ልጁ መንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ከቆርቆሮ አጥር ሥር ሸሽገው ያሳደሩትን የከሰል ማንደጃና የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ በሌሊት አንሥቶ ለቆራሌው ሸጧል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 53 ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ልጅ ላይ የአዋቂ ቅጣት እንዳይፈጸም ስለሚከለክል ወኅኒ አያሰጋውም ነበር። ሆኖም የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ልጁ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ስለሚያዝ፣ ሳጅናችን መዝገቡን ይዘው ሊነሡ ሲሉ የ2003ቱን የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ጠቅሼ ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ውጭ እንዲያልቅ ለመንኋቸው። ልጁ ከትምህርት በኋላ ማዕከላችን እየመጣ እንዲፈርም፣ ከግል ተበዳይዋም ጋር ፊት ለፊት እንዲገናኝ ተስማማን።

ለዚያ ቀን የይቅርታ ንግግር ጻፍሁለትና ሦስት ቀን ሙሉ አስጠናሁት። ሁላችን ከተቀመጥን በኋላ ልጁ ተነሥቶ «በፈጸምሁት ድርጊት በእጅጉ ተጸጽቻለሁ፤ ያደረስሁብዎት ጉዳት…» ብሎ እንደ ጀመረ፣ ሴትዮዋ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«የሷን ተወውና የራስህን ንገረኝ። በማግሥቱ ጠዋት እኔ ምን የሆንሁ ይመስልሃል?»

«ቡና አላፈሉም።»

«ከዚያስ?»

«ሰው መጥቶ… ሄደ።»

«ወዴት ሄደ?»

ልጁ በጫማው አፍንጫ ወለሉን መጫሩን ተወ። «ከማዶ ወዳለችው።»

«እዚያው ለመደ። አሁንም እዚያው ነው።»

አያቱ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ግን ንግግሬ በመቋረጡ ተከፍቼ ስለነበር፣ በዚያች ቅጽበት ልጁ የሰው ጉዳት በራሱ አንደበት እየቆጠረ መሆኑን አላስተዋልሁም፤ ይልቁንም ወደ ይቅርታው እንድንመለስ ጠየቅሁ።

«ይቅርታ አላደርግለትም» አሉ ሴትዮዋ። «የማንደጃው ዋጋ እስኪወጣ ድረስ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቦኖው ውኃ ይቅዳልኝ።»

«እናቴ፣ ይቅርታ ማድረግዎን ካልገለጹልኝ ቅጹን መሙላት አልችልም።»

«ታዲያ አትሙዪው።»

ሳጅኑ ሳቃቸውን በቆባቸው ከለሉት። እኔም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ለልጁ ይከብደዋል ብዬ በባለ 10 ሊትሩ ሁለት ምልልስ ብቻ እንዲሆን ተከራከርሁ፤ በዚያ ስብሰባ የረባ ሥራ የሠራሁት ያን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በእንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ ላይ አንድም ቀን ያልተቀመጡት አስተባባሪያችን «እርቅ ከሌለ ውጤት የለም» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው መዝገቡን መለሱልኝ። በዚያው ሩብ ዓመት በአርአያነት ያቀረብነው ሌላው ልጅ የጻፍሁለትን አንድ ቃል ሳይስት አነብንቦ፣ ተበዳዩን አስለቅሶና ታቅፎ ከወጣ በኋላ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የመኪና ስፖኪዮ ሲነቅል ተይዞ ተመለሰ። የእሱ ግን «ተሳክቷል» ተብሎ ስለ ተላከ የሚያርመው አልተገኘም። ተቃውሞ ላቀርብ አስቤ ነበር፤ «ይቅርታ ተደርጓል» የሚለውን ሳጥን ወደ ቅጹ ያስገባሁት እኔ ራሴ ስለ ነበርሁ ዝም አልሁ።

ከወራት በኋላ በዚያ በኩል ሳልፍ ልጁ ሲኒ ሲያለቀልቅ አገኘሁት። የማንደጃው ዋጋ ከወጣ ቆይቷል። ሴትዮዋ ቡናዬን ቀድተው ሲያቀብሉኝ፣ ልጁ እየሰማ፣ «እስካሁን ይቅርታ አላደረግሁለትም፤ ጻፊው» አሉኝ፤ ሒሳቡንም አንድ ሳንቲም ሳይቀንሱ ተቀበሉኝ።

የይቅርታ ንግግር ዛሬም እጽፋለሁ። አሁን ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።