ከካሴት ቴፕ እስከ ጊታር አልባው አልበም

ሰሞኑን ዘ ማውንቴን ጎትስ የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ አልበሞች ከድሮው ጀምሬ እየሰማሁ ነው። ዘፈኖቹን የሚጽፈው ጆን ዳርኒየል መጀመሪያ አካባቢ ብዙውን የሚቀዳው ስቱዲዮ ገብቶ ሳይሆን ቤቱ ቁጭ ብሎ በፓናሶኒክ ካሴት ቴፕ ነበር፤ የቴፑ ሞተር ሲዞር እዝዝዝ የሚለው ነገር ከጊታሩ ጋር አብሮ ይሰማል። እኔ እንደውም ያን ድምፅ ወድጄዋለሁ፣ ሰውዬው አጠገቤ ተቀምጦ የሚዘፍን ነው የሚመስለኝ። እ.ኤ.አ. በ2002 «ኦል ሄል ዌስት ቴክሳስ» የሚለው አልበም በቴፑ ተቀድቶ ወጣ። በዚያው ዓመት ደግሞ «ታላሃሲ» መጣ፦ ስቱዲዮ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ሁሉም ጥርት ያለ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ስሰማው ቅር ብሎኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው «ጎዝስ» ላይማ ጭራሽ ጊታር የሚባል የለም! ያ በአፍንጫው የሚወጣው፣ ቃል ለመጨረስ የሚጣደፈው ድምፁ ግን ያው ነው።